ዘይቱ የነጣው ጀልባ፦ ከአምቦ ደንዲ ሐይቅ

ዓርብ ጠዋት ከአምቦ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ በዋዜማው በቴሌግራም አንድ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ፎቶው ላይ የሚታየው የጀልባው ሞተር የዘይት መለኪያ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ግን ዘይት አይመስልም። ማኪያቶ ነው የሚመስለው። ከሥሩ «እትዬ፣ ይሄ ምንድነው? እሁድ ሙሽራ አሻግራለሁ» ብሎ ጽፏል።

አምቦ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የመጣውን ሁሉ እጠግናለሁ። ዘይት ሲነጣ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ፎቶውን ደግሜ ማየት አላስፈለገኝም። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ውሃ ከዘይት ጋር ሲናጥ ነው እንዲህ የሚነጣው። የነጣ ዘይት ብረትን ከብረት መጠበቅ ስለማይችል፣ ሲብስበት ሞተሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀጥ ይላል። መኪና ቀጥ ሲል ወርዶ፣ ገፍቶ፣ ዳር ማስያዝ ነው። ሐይቅ መሃል ቀጥ ያለ ጀልባ ምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም። ዋናም አልችልም።

ወዲያው ደወልኩለት።

«ሞተሩን እንዳትነካው!»

«ይሠራል እኮ እትዬ። ድምፁም ምንም አልሆነ።»

«ይሥራ! አትንካው አልኩህ።»

«ለእሁድ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ደረጀ ቃል ከሰጠ አበቃ። ደንዲ ሐይቅ ዳር አግብቶ ከተቀመጠ ጀምሮ ኑሮው ይቺ ጀልባ ናት። ከወዲህ ማዶ ድንች፣ ገብስና ገበያተኛ ያሻግርባታል። ሰርገኛ ጭኖ ግን አያውቅም፤ የእሁዷ ሙሽራ የመጀመሪያዋ ናት። የሙሽራው ቤት ማዶ ነው፤ በእግር ልሂድ ያለ ሰው ሐይቁን የከበበውን ተራራ ወጥቶ መውረድ አለበት። በጀልባ ትምጣ የሚለውን ሐሳብ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተስማምተውበታል። እኔ «አይሆንም» ካልኩ ደረጀ ይሰማኛል፤ ነገር ግን ሽማግሌ ፊት ቃል ተገብቶባት የቀረች ጀልባ ላይ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይወጣል? «ይሆናል» ብዬ ብሳሳት ደግሞ ሙሽራዋም፣ ሚዜዎቹም፣ ወንድሜም ውሃ ላይ ናቸው። ሌሊቱን ስገላበጥ ያደርኩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ጉደር

ደንዲ በስተምሥራቅ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ምዕራብ ነው። የጀልባዋ ሞተር የመኪና አይደለም። ደረጀ ራሱ ከላሜራ በበየዳት ጀልባ ላይ ያሰረው የመስኖ ውሃ መሳቢያ የናፍጣ ሞተር ነው። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ዕቃ ከተማ ለከተማ ከመንከራተት ጉደር ወርዶ ሽንኩርት አልሚዎቹን መጠየቅ ይሻላል። ከአምቦ በሚኒባስ ቅርብ ናት፤ ወሬ ጀምረህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። በዚያን ቀን ግን መንገዱ አልገፋ አለኝ።

ኦቦ ቶለራ የውሃ ሞተራቸውን እኔ ጋ የሚያሠሩ የቆየ ደንበኛዬ ናቸው። ወንዝ ዳር ሱሪያቸውን ሰብስበው የሽንኩርት መደብ ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

«አካም ቡልተን ኦቦ ቶለራ?»

«ነጋ! ፈያዳ፣ ልጄ ሙሉ? በማለዳ ምን እግር ጣለሽ?»

ስልኬን ሰጠኋቸው። ጭቃ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ዋቃዮ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ። የእኔም ነጥቶ ነበር። ይሠራል ብዬ ዝም አልኩት፤ ሽንኩርቱ እየተጠማ እንዴት ላቁመው? አንድ ቀን ቀጥ አለ፣ በቃ።»

«ጋስኬቱ ነው የተቃጠለው?» አልኳቸው፤ በብረቶቹ መሃል ገብቶ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየውን ስስ ማሸጊያ ማለቴ ነው።

«ጋስኬቱንማ ቀየርን። ተመልሶ ነጣ። ለካ ብረቱ ተሰንጥቋል። ብረት ከተሰነጠቀ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ከጎተራቸው ያልተፈታ አዲስ ጋስኬት አውጥተው ሰጡኝ፤ ካልተጠቀምኩበት እመልሳለሁ። አንድ እቅፍ ሽንኩርትም ካልወሰድሽ ብለው ያዙኝ። ልሰናበታቸው ስል ሞተሩ ያለው ጀልባ ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። ሽንኩርቱን የሚያስረው እጃቸው ቆመ። ከታሪካቸው ይልቅ የቆመው እጃቸው አስፈራኝ።

ጊንጪ

ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ጊንጪ ስሳፈር ጭነቴ የስደተኛ ይመስል ነበር፦ አዲስ ዘይት በጀሪካን፣ ፊልትሮ፣ ጋስኬት፣ የመፍቻ ቦርሳ፣ የብስክሌት ጎማ መንፊያና የኦቦ ቶለራ ሽንኩርት። ረዳቱ ለዕቃው ብቻ የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ፤ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ወይዘሮ መንፊያውን አይታ «ብስክሌቱስ?» አለችኝ።

«ብስክሌት የለኝም። ለጀልባ ነው።»

«ጀልባም ጎማ አለው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አብሬያት በሳቅኩ።

ኬላው ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ጀሪካኑን ከፍቶ አሸተተ፤ «የምግብ ዘይት መስሎኝ ነበር» አለና በቅሬታ መለሰልኝ። መንገዱ ዳርና ዳር ስንዴው ታጭዷል፤ ጤፍ እየተወቃ ነው፤ ጭዱ በየደጁ ተከምሯል። ጥር የሰርግ ወር በመሆኑ ከየመንደሩ የድንኳን ጫፍ ብቅ ይላል። ድንኳን ባየሁ ቁጥር እሁድ ትዝ ይለኛል።

ጊንጪ ሽሮ በልቼ ወደ ደንዲ የሚሄድ መኪና ስፈልግ አንድ አይሱዙ አገኘሁ። ከኋላው አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና የለስላሳ ሳጥን ጭኗል። ከፊት ቦታ ሰጡኝ። ሹፌሩ ጨዋታ ይወዳል።

«ይሄ ሁሉ የሰርግ ዕቃ ነው» አለኝ። «የእሁዱን ሰርግ ሰምተሻል? ሙሽራዋ በጀልባ ነው የምትሻገረው! በጀልባ! አገሩ ሁሉ ሊያይ ይወጣል። እኔም ቀርቼ ነው የማየው።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

«እዚያው ነሽ? የሙሽራ ወገን ወይስ የሙሽሪት?»

«የጀልባዋ ወገን ነኝ።»

በጣም ሳቀ። እኔ ጋስኬቱ እንዳይታጠፍ ጉልበቴ ላይ ይዤ ወደ ውጭ አየሁ። አስፋልቱን ለቀን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ መንገዱ ኮረኮንች ሆነ፤ እየወጣን በሄድን ቁጥር ጤፉ ለገብስ፣ ገብሱ ለድንችና ለእንሰት ቦታ ለቀቀ። ብርዱ በመስኮት ገባ።

ደንዲ

ሐይቁ ከላይ ሲታይ ስምንት ቁጥር ይመስላል፤ ሁለት ክብ ውሃ በአንድ ጠባብ አንገት ተያይዘዋል። በጣም ያምራል፤ እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ወደዚያ ጠባብ አንገት ነው። ነፋስ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ከውሃው መሸብሸብ ይታወቃል። ጀልባዋም በዚያው በኩል ነው የምታልፈው።

ደረጀ ከባለቤቱ ከጫልቱና ከእናቷ ከአዴ ብርቄ ጋር ነው የሚኖረው። አዴ ብርቄ ሸምገል ያሉ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ባንድ ላይ የሚጠቀሙ ሴት ናቸው። ከበር ላይ ተቀብለው ጉንጬን ሳሙኝ፤ «ዶክተሯ መጣች!» ብለውም ወደ ቤት ተጣሩ። እጄን ሳልታጠብ ወደ ጀልባዋ ወረድኩ።

ሞተር ውስጥ ውሃ የሚገባበት መንገድ ብዙ አይደለም። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በቱቦ ስቦ በሰውነቱ ውስጥ በሚያዞረው ውሃ ነው። ውሃውንና ዘይቱን የሚለያያቸው ብረቱና ጋስኬቱ ብቻ ናቸው። ጋስኬቱ ከተቃጠለ ወይም ብረቱ ከተሰነጠቀ ውሃው ወደ ዘይቱ ያልፋል። ሌላው መንገድ ከላይ፣ ዘይት በሚሞላበት አፍ በኩል ነው። እንደ ደንዲ ባለ ብርድ አገር ደግሞ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ውስጡ ያልበዋል፤ ያ ግን ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ ያስቀምጣል እንጂ ዘይቱን ሁሉ ማኪያቶ አያደርገውም።

ከሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን በጥንቃቄ አላላሁት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። እኔ የጠበቅኩት የነጣውን ዘይት ነበር። የወጣው ግን ንጹህ ውሃ ነው፤ ኩልል ያለ፣ ከብርጭቆ የሚበልጥ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበልኩት። ማኪያቶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ይህ ውሃ ከዘይቱ ጋር አልተናጠም። ስለዚህ የገባው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው።

«ከትናንት ወዲህ አስነስተኸዋል?» አልኩት ደረጀን።

«አትንካው አላልሽም? አልነካሁትም።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«እትዬ፣ በእናታችን አልነካሁትም!»

ቆሞ እንኳ ውሃ የሚያስገባ ሞተር ማለት ስንጥቁ ትልቅ ነው ማለት ነው። የኦቦ ቶለራ የቆመ እጅ ትዝ አለኝ። ለደረጀ ይህን አልነገርኩትም፤ ፊቴን ግን አይቶታል። እራት ላይ ሁለታችንም አንድ ጉርሻ እንኳ በወጉ አልዋጥንም።

ቅዳሜ

ጠዋት የመጀመሪያውን ሙከራ አደረግኩ። የዘይት ማፍሰሻውን ቀዳዳ ክፍት ትቼ ሥሩ ደረቅ ካርቶን አነጠፍኩ። የማቀዝቀዣውን መንገድ ውሃ ሞልቼ መውጫውን ደፈንኩና በብስክሌት መንፊያው አየር ሞላሁበት። ስንጥቅ ካለ ግፊቱ ውሃውን ወደ ዘይቱ ቤት ይገፋዋል፤ ከዚያም በቀዳዳው ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ደረጀ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አንድ ጠብታ አልወረደም። ካርቶኑን በእጄ ደባበስኩት፤ ደረቅ ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ተጨነቅኩ። ቆሞ ውሃ ያስገባ ሞተር ተገፍቶ እንዴት አያስገባም? ሁለቱ ነገር አብሮ አይሄድም። አንዳንድ ስንጥቅ ብረቱ ሲሞቅ ብቻ እንደሚከፈት አውቃለሁ፤ ስለዚህ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አስገብቼ ጀልባዋን በገመድ ዳር አስረን ሞተሩን አስነሳነው። በደንብ እስኪሞቅ፣ ከዚያም አልፎ ሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲቆይ ተውነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገኝ የጋለ ብረት ነበር። ጫልቱን ለመንኳት፤ የእናቷን የቆሎ መቁያ ብረት ምጣድ አመጣችልኝ። ምጣዱን እሳት ላይ ጥደን ከአሮጌው ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ተንጣጣ። ውሃ ያለበት ዘይት እንዲህ ነው፤ ውሃው ሲፈላ ይጮኻል። ምጣዱን ጠርጌ ከሞተሩ ከቀዳሁት አዲስ ዘይት አንጠባጠብኩ። ጭስ ብቻ ወጣው፣ ድምፅ የለም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ድምፅ የለም።

«አለቀ!» አለ ደረጀ። «ድኗል በይኛ!»

«ከየት እንደገባ ሳላውቅ ድኗል አልልም።»

«ምን ያደርግልሻል? ወጣ አይደል?»

«በር ከፍቶ የገባ ሌባ ስለወጣ ብቻ ትተኛለህ?»

እሱም ተቆጣ፤ እኔም ተቆጣሁ። ጀልባዋ ላይ የሚሠሩትን ሁሉ ሰብስቤ ጠየቅኩ። አብሮት የሚነዳው ጎረቤት፣ ጭነት የሚያወርዱት ሁለት ሰዎች፣ ናፍጣ የሚያመጣው፣ ሁሉም ክዳኑን እንዳልነኩ ማሉ። ክዳኑን ደግሞ አየሁት፤ ላስቲኩ ደህና ነው። ዝናብ የለም። ሞተሩ ላይ የቆርቆሮ ከለላ አለ። ሌላ የምጠይቀው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ የሙሽራው አጎት ኦቦ ዳባ ከማዶ መጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ስለ ከብቱም ስለ ገብሱም ከጠየቁ በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ድንኳኑ ተተክሏል። ሙሽራዋ በእግር ትምጣ ካልሽ አሁን ንገሪኝ፤ ሌሊት እንድትነሳ እናደርጋለን። በጀልባ ከሆነም ንገሪኝ። ደረጀ በአንቺ ነው ያለው።»

«እስኪመሽ ጊዜ ይስጡኝ ኦቦ ዳባ።»

«ኤዬ፣ እጠብቃለሁ» አሉና ደጁ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ማየት ከመቆማቸው ይልቅ ከበደኝ።

ምጣዱ

ከዓይናቸው ለመሸሽ ምክንያት ስፈልግ ምጣዱ ትዝ አለኝ። በአመድና በሳሙና ፈትጌ፣ ዘይት ዘይት እንዳይሸት ደጋግሜ አጥቤ ወደ አዴ ብርቄ ጓዳ ወሰድኩት። ድንች እየላጡ ነበር። ምጣዱን አሸተቱ፤ ፊታቸውን ትንሽ ጨምደድ አደረጉ፤ ግን ምንም አላሉም።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ እምቢ አልሽ አሉ?» አሉኝ።

«እምቢ አላልኩም አዴ። ውሃው ከየት እንደመጣ ካላወቅኩ ሰው ይጫን ማለት ፈራሁ።»

«አትፍሪ፣ ይድናል። እኔ አጠጥቼዋለሁ።»

«ምን አጠጡት?»

«ጸበል ነዋ። በጥምቀት ማግስት ትንሽ ሰጠሁት። ትናንት ጠዋት ደግሞ ታመመ፣ ሐኪም ከአምቦ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ፤ በጣሳ ሙሉ ሰጠሁት።»

ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

«በየት በኩል ነው የሰጡት?»

በእጃቸው ክዳን ወደ ግራ ሲዞር አሳዩኝ። «ደረጀ ዘይት ሲያጠጣው አይቻለሁ። ሰው ጸበል የሚጠጣው በአፉ አይደል? የእሱም አፉ ያ ነው። መልሼም አጥብቄዋለሁ።»

ጣሳውን ለምኜ ተቀበልኳቸው። ሮጬ ሄጄ ከሞተሩ ሥር የተቀበልኩትን ኩልል ያለ ውሃ አመጣሁና ጣሳው ውስጥ ገለበጥኩት። ከጣሳው አፍ ጥቂት ብቻ ጎደለ። የቆመ ሞተር ውስጥ ንጹህ ውሃ የተገኘበት፣ ሲገፋም ምንም ያላፈሰሰበት ምክንያት ይኸው ነበር። ስንጥቅ የለም። ጋስኬቱም ደህና ነው።

«ለምን አዴ?» አልኳቸው ሳላስበው።

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ሐይቅ እፈራለሁ። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ ወልጄ እግሬን አስገብቼበት አላውቅም። የልጄ ባል በየቀኑ እሱ ላይ ይውላል። እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቀው። ምን ላድርግ? ሞተር አላውቅ። ያለኝን ሰጠሁት።»

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ከሙከራዎቹ ሁሉ ከበደኝ። ዝም ብል ደግመው ይሰጡታል። ልናገር ብል ፊታቸው ፊቴ ላይ ነው።

«አዴ፣ ሞተር ውስጥ ከዘይት በቀር ምንም አይገባም። ጸበልም ቢሆን። ዘይቱ የነጣው በእሱ ነው።»

ጣሳውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

አይደለም ልላቸው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። «አዎ። ግን ድኗል። ጀልባዋን ከላይ ይርጩልን፣ ሰዎቹንም ይርጩ። አፉን ግን ለእኛ ይተዉት።»

ለደረጀ ስነግረው መጀመሪያ «ጣሳ ሙሉ?!» ብሎ ጮኸ፤ ጫልቱ እንኳ ደነገጠች። ወደ ጓዳው ገባ። አዴ ብርቄ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ቆሞ አያቸው፤ ንዴቱ ሲበርድለት ከፊቱ ይታያል። «እኔንስ ለምን አላጠጡኝም?» አላቸው፤ «ከሞተሩ አንሼ ነው?» ቀና አሉና የድንቹን ልጣጭ ወረወሩበት።

ደጅ ወጥቼ ለኦቦ ዳባ «በጀልባ ትምጣ» አልኳቸው። ምክንያቱን ስላወቅኩ ፍርሃቴ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም። ብቻ ከዚያ በኋላ ልሸከመው የምችለው ፍርሃት ሆነ።

እሁድ

ሰርገኛው ሁሉ ባንዴ ይጫን ሲባል እምቢ አልኩ፤ በሁለት ዙር ይሁን፣ መቅዘፊያና ገመድም ይያዝ ብዬ ችክ አልኩ። ደረጀ «ሰርግ ነው ወይስ ዘመቻ?» እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም አመጣ። ነፋሱ ሳይነሳ ነው የጀመርነው። ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ በሚዜዎቿ ተደግፋ ወጣች። እልልታው ከዳር ዳር ሐይቁን አዳረሰው።

ልንለቅ ስንል አዴ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውሃው ሲመጡ አየናቸው። የጸበል ጠርሙሳቸውን ይዘዋል። ጀልባዋን ከላይ ረጩ፣ እኛን ረጩ። ከዚያ ጠርሙሱን ለጫልቱ ሰጥተው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አለ ደረጀ።

«እኔ ካሳመምኩት እኔም ልሳፈርበት» አሉ። ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም። ከሞተሩ አጠገብ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡና እጄን ያዙ።

ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ነበር። እኔ የምሰማው ሞተሩን ብቻ ነው። ጠባቡ አንገት ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከጎን መጣ፤ ጀልባዋ ተወዛወዘች፤ በዚያችው ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። አዴ ብርቄ ጥፍራቸው መዳፌ ውስጥ እስኪገባ ጨበጡኝ። ደረጀን ዞሬ አየሁት፤ ሞገዱን ለማሳለፍ ራሱ ነው ያቀዘቀዘው። መልሶ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘፋኞቹ ምንም አላወቁም። እኔ እስክንደርስ ድረስ በወጉ አልተነፈስኩም።

ማዶ ከበሮው፣ ሆታው፣ ግርግሩ ሙሽራዋን ተቀበላት። ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ሞተሩ ጋ ቀረሁ። ጠፍቶ ትንሽ እስኪረጋ ጠብቄ መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩት፤ ጠርጌ መልሼ አስገብቼ እንደገና አወጣሁት።

«ምን ይላል?» አሉ አዴ ብርቄ። አልወረዱም ነበር።

አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩት፤ በጣታቸው ነክተው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ማር ነው የሚመስለው» አሉ።

«ማር ከመሰለ ደህና ነው። ወተት ከመሰለ ሞተሩ አይነሳም፣ ሰውም አይጫንም፣ ለእኔ ይደወላል።»

«ማር ደህና፣ ወተት መጥፎ» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። ሁለተኛውም ዙር በሰላም ተጠናቀቀ፤ አዴ ብርቄ በእሱም ተመላልሰው ነበር።

ወደ ቤት

በማግስቱ በዚያው በሰርጉ አይሱዙ ጊንጪ ወረድኩ። ሹፌሩ ሰርጉን እኔ ያላየሁት ይመስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከልኝ። ከጊንጪ አምቦ እስክደርስ በሐሳቤ ሳመላልሰው የቆየሁት ግን አንድ ነገር ነው። እኔ ሴት በመሆኔ ብቻ «መካኒኩ የታለ?» እየተባልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደንዲ ላይ ሞተሩን ማን እንደነካ ስጠይቅ ግን ጀልባዋ ላይ የሚሠሩትን ወንዶች ብቻ ነው የሰበሰብኩት። ጓዳ ውስጥ ያለች ሴት ሞተር ልትከፍት ትችላለች ብዬ አላሰብኩም። ምጣዱን ለመመለስ ባልገባ ኖሮ ደግሞ በማላውቀው ምክንያት ወይ ሰርጉን አበላሽ ነበር፣ ወይ ሰው አሳፍሬ እጸልይ ነበር። ከእንግዲህ የታመመ ሞተር ሲመጣልኝ የምጠይቀው ማን እንደሚሠራበት ብቻ አይደለም። ማን እንደሚሰጋለትም እጠይቃለሁ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደረጀ ደወለ። ደነገጥኩ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ሞተሩን ላስነሳ ስል አላስነሳ አሉኝ እንጂ።»

«እነማን?»

«አዴ ናቸዋ! አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ጀልባዋ ላይ ናቸው። ሳላይ አይነሳም ይላሉ። ገበያተኛው ሁሉ ተሰልፎ እየጠበቃቸው ነው። ዘንጉን ጠርገው፣ መልሰው፣ አውጥተው...»

ከኋላው የአዴ ብርቄ ድምፅ ተሰማኝ፤ ስልክ ካልጮኹበት የማይሰማ ይመስላቸዋል፣ ይጮኻሉ።

«ማር ነው በላት! ማር ነው!»

ቀጥሎ የሞተሩ መነሳት ተሰማኝ።